በአንድ ጎኑ የሚኖር ጥድ



ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ዛፍ ልነግራችሁ ነው። ዛፉም አብሮኝ መጥቷል፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የቆመው ነው። ከሥሩ እስከ አናቱ አንድ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው። ከኋላ የተቀመጣችሁ ነጭ እንጨትና ጥቂት አረንጓዴ እንጂ ሌላ ላይታያችሁ ይችላል፤ ስንጨርስ ቀርባችሁ ታዩታላችሁ። የሐበሻ ጥድ ነው። በልጅነታችን በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ አንገታችንን አቅንተን የምናየው፣ 30 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚያድገው ያው ጥድ ነው። የሳይንስ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ይባላል። ከሳዑዲና ከየመን ተራሮች ተነስቶ፣ የእኛን ደጋ አቋርጦ እስከ ዚምባብዌ ይወርዳል። በዓለም ላይ ካሉት የጥድ ዘመዶች ሁሉ ከምድር ወገብ በስተደቡብ በተፈጥሮው የሚበቅለው እሱ ብቻ ነው።

ይህ ዛፍ ከ7 ዓመት በፊት ማገዶ ሊሆን ነበር። እዚሁ ባሕር ዳር አንድ አሮጌ ግቢ ሲፈርስ አጥሩ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። የሚበዛው የፈረንጅ ጥድ የምንለው ነው። በነገራችን ላይ የፈረንጅ ጥድ ከሐበሻው ጥድ ጋር በስም ይገናኝ እንጂ ሌላ ዛፍ ነው፤ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ የሳይፕረስ ወገን ነው። ፍሬያቸውን ያየ ሰው አይሳሳትም፤ የፈረንጁ ፍሬ እንደ እንጨት የደረቀ ድቡልቡል ነው፣ የሐበሻው ግን ትንሽ፣ ለስላሳና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው። ከተጋደመው መሀል እንዲህ ያለ ፍሬ የያዘ አንድ ግንድ አየሁ። ውፍረቱ እንደ ክንዴ ነው። ለዓመታት በመጥረቢያ ተቆርጧል፣ ፍየል ግጦታል፣ ከብት ታስሮበት ገመዱ ቅርፊቱን ዙሪያውን በልቶታል። አንዱ ጎኑ ከሥር እስከ ላይ ደርቆ ተሰንጥቋል። አረንጓዴ የቀረው በሁለት ረጃጅም ራቁት ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ወጣት መጥረቢያ አንስቶ ሊፈልጠው ሲል «ወንድሜ፣ እሱን ተውልኝ» አልኩት። «ጋሼ፣ ይሄማ ደርቋል እኮ!» አለኝ።

አለመድረቁን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከደብረ ታቦር ወዲያ ወዳለ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። በአጸዱ ዳር መብረቅ የመታው ትልቅ ጥድ ቆሟል። ሦስት አራተኛው እንደ አጥንት ነጥቷል፤ አናቱ ላይ ግን ልምላሜ አለ። አጸዱን የሚጠብቁትን አባት «አባ፣ ይህ ዛፍ አልሞተም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እጄን ይዘው ዞር አደረጉኝና መዳፌን ከግንዱ ጀርባ ላይ አሳረፉት። «አልሞተም ልጄ። ይኸው ዳስሰው፤ በዚህ ጎኑ ይኖራል» አሉኝ። ከመዳፌ ሥር እንደ ወፍራም ገመድ ያበጠ፣ ከሥሩ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ ቡናማ ቅርፊት ነበር። ከግራና ከቀኙ ያለው ሁሉ ደረቅ ነው። ያ አንድ ገመድ ብቻ ያንን ሁሉ አናት ይመግባል።

እኔ ይህን ገመድ የሕይወት ጅማት እለዋለሁ። የጥድን ጠባይ ለማወቅ የፈለገ ሰው ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው። በጥድ ግንድ ውስጥ በአንዱ ወገን ያለ ሥር የሚመግበው በአመዛኙ ከእሱ በላይ ያለውን ወገን ነው። አንዱ ሥር ቢሞት ከእሱ በላይ ያለው ቅርፊት እንደ ሪባን ከታች እስከ ላይ ይደርቃል፣ ጎረቤቱ ግን መኖሩን ይቀጥላል። ሕያው የሆነው ጅማት በየዓመቱ ይወፍራል፤ የሞተው እንጨት ባለበት ይቆማል፤ ስለዚህ ጅማቱ እያደር ከግንዱ ላይ ጎልቶ ይወጣል። የሞተው እንጨትም ቶሎ አይበሰብስም። ውስጠኛው ቀይ እንጨት ምስጥ የማይደፍረው፣ አባቶቻችን ለምሰሶና ለጣሪያ የመረጡት ነው። ሕያውና ሙት ለረጅም ዘመን በአንድ ግንድ ላይ አብረው የሚቆሙት ለዚህ ነው።

እኔ የምሠራው ሥራ፣ ዛፍን በሳህን አሳንሶ ማሳደግ፣ ቦንሳይ ይባላል። የጃፓን ቃል ሲሆን ትርጉሙ ቀላል ነው፤ «ቦን» ዝርግ ሳህን፣ «ሳይ» ተከላ ማለት ነው። ጥበቡ ከቻይና የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ706 በተሠራው የልዑል ዣንግኋይ መቃብር ግድግዳ ላይ አሽከሮች ድንጋይና ትንንሽ ተክል ያለበትን ሳህን ይዘው ተስለዋል። ጃፓኖች ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። በ1923 ቶኪዮን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ የቦንሳይ አትክልተኞች ንጹሕ ውሃና ጥሩ አፈር ፍለጋ ወደ ኦሚያ ተሰደዱ፤ በ1925 የመሠረቱት የቦንሳይ መንደር እስከ ዛሬ አለ። ማሳሂኮ ኪሙራ በ1940 የተወለደው በዚያው በኦሚያ ነው። በ15 ዓመቱ ከአንድ ጌታ ዘንድ ገብቶ 11 ዓመት አገልግሎ የተማረ ሰው ነው። ሌሎች የማይሆን ብለው የተዉትን የተጣመመ፣ የተሰበረ፣ ግማሹ የሞተ ጥድ እየወሰደ፣ የሞተውን እንጨት በማሽን ሳይቀር እየቀረጸ፣ ሕያው የሆነውን እያጎነበሰ የዓለምን ዓይን የሳበ ሥራ ሠራ። ሙያው ከእሱ ወዲህ አንድ ነገር ተቀብሏል፤ የዛፉ ጉዳት የሚሸሸግ ነውር መሆኑ ቀርቷል።

ሌላም ሰው ላንሳ። ጆን ናካ ወላጆቹ ጃፓናውያን የሆኑ፣ በ1914 በአሜሪካ ኮሎራዶ የተወለደ ነው። በ1948 የጥድ ተክሎችን አንድ ላይ ማሳደግ ጀመረ። ዛፎቹ በመጨረሻ 11 ሆኑ፤ ለእያንዳንዱ የልጅ ልጁ አንድ አንድ ዛፍ። «ጎሺን» ብሎ ሰየመው፤ የመንፈስ ጠባቂ ማለት ነው። በ1984 ለሕዝብ ሰጥቶት ዛሬ በዋሽንግተን ብሔራዊ የዛፎች ሙዚየም ግቢ ቆሟል። ናካ በ2004 አረፈ፤ ዛፎቹ ውሃ እየጠጡና እየተከረከሙ አሉ። እኔ በፎቶግራፍ ነው ያየኋቸው። ባየኋቸው ቁጥር የሚመጣብኝ የእኛ አጸድ ነው፤ ሜዳው ሁሉ ተመንጥሮ በመሀል ጥቅጥቅ ብሎ የቀረው አረንጓዴ ክብ።

ወደ ራሴ ሥራ ልመለስ። ከዚህ ዛፍ በፊት ሌላ ጥድ ነበረኝ። እሱን ገድየዋለሁ። እንዴት እንደገደልሁት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ጥድ የሚገድለው በዚሁ መንገድ ነው። በአንድ ቅዳሜ ከሥሩ ላይ አፈሩን ሁሉ አጠብሁ፣ ሥሩን ቆረጥሁ፣ ግማሹን ቅጠል አራገፍሁ፣ የቀረውን በሽቦ ጠመዘዝሁ፣ በትንሽ ሳህንም ተከልሁት። ማታ ሲታይ ውብ ነበር። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየው። አንድ ወር አለፈ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው ወርም አለፈ። በሦስተኛው ወር አረንጓዴው ወደ ግራጫ ዞረ፤ በጣቴ ስነካው እንደ ጭድ ተፈረፈረ። ጥድ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። እኔ በየጠዋቱ ውሃ የማጠጣው ለሬሳ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ጥድን በተመለከተ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ በአንድ ዓመት አንድ ከባድ ነገር ብቻ። ሥሩን የነካሁ እንደሆነ ቅጠሉን አልነካም። ግንዱን ያጎነበስሁ እንደሆነ ሥሩን አልነካም። ይህ የምታዩት ዛፍ 7 ዓመት የፈጀው በዚህ ሕግ ስለሄደ ነው፤ ዛሬ በሕይወት ያለውም በዚሁ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ምንም አለማድረግ ነው። የተነቀለውን ግንድ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ ቤት ወሰድሁት። ከጣውላ የእንጨት ሳጥን ሠራሁለት፤ ሥሩም ተደላድሎ እንዳይነቃነቅ ግንዱን ከሳጥኑ ጋር በገመድ አሰርሁት። አፈሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ባሕር ዳር ዙሪያ ያለው ዋልካ ለጤፍና ለጓያ ይሆናል፤ ለጥድ ሥር ግን መቃብር ነው፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይጠብቃል፣ በበጋ እንደ ድንጋይ ይሰነጠቃል። ጥድ በሥሩ ዙሪያ አየር ይፈልጋል። ጃፓኖች ለዚህ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ይጠቀማሉ። እኛ ደግሞ ይህን ጠጠር መንገድ ላይ እንደፋዋለን! ሬድ አሽ የምንለው ቀይ ጠጠር እሱ ነው። ከጣና ደቡብ ወደ ዳንግላና እንጅባራ ስትሄዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምታዩአቸው ጉብታዎች ብዙዎቹ የጥንት እሳተ ገሞራ ያወጣቸው ናቸው። በወንፊት ነፍቼ ዱቄቱን ጣልሁት፣ ከምስር ፍሬ እስከ ሽምብራ የሚያህለውን ያዝሁ፣ ጥቂት የበሰለ ብስባሽ ቀላቀልሁበት። በዚህ ተከልሁትና ሁለት ክረምት ሙሉ ሳልነካው ተቀመጥሁ። በሁለተኛው መስከረም ሁለቱ ጫፎች በአዲስ ቅጠል ተጨናነቁ። ያን ጊዜ ሥሩ መያዙን አወቅሁ።

በሦስተኛው ዓመት ጅማቱን ፈለግሁ። ይህ ሥራ ቢላዋና ጣት ብቻ ይበቃዋል። የደረቀው ቅርፊት በጥፍር ሲነሳ እንደ ወረቀት ይለቃል፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ደረቅ ነው። ሕያው የሆነው ጋ ስትደርሱ ቅርፊቱ ይይዛል፤ በቢላዋ ጫፍ ጥቂት ብትጭሩት እርጥብ ነው፣ የጥድም ሽታ ይወጣል። እዚያ ላይ ማቆም ነው። ሦስት ቀን እንዲሁ ጎንበስ ብዬ ከሥር እስከ ቅርንጫፉ ድረስ ድንበሩን ተከተልሁ። ሁለት ጅማት ነበረው። አንዱ ሦስት ጣት የሚያህል፣ ወደ ግራው ቅርንጫፍ የሚሄድ፤ ሌላው አንድ ጣት የማይሞላ፣ ቀኙን ቅርንጫፍ የሚመግብ። ቀኙ ቅርንጫፍ ለምን እንደደከመ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ነገር የዛፉ ዋና ችግር ነበር። ጥድ ቅጠል በሌለው አሮጌ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ባሕር ዛፍ አያቆጠቁጥም። ከግንዱ እስከ አረንጓዴው ድረስ ያለው ርቀት አንድ ክንድ ራቁት እንጨት ነው። ቆርጬ ላሳጥረው ብል ሕይወቱን እቆርጣለሁ። አረንጓዴው ወደ ግንዱ የማይመጣ ከሆነ ቅርንጫፉ ራሱ ተጎንብሶ አረንጓዴውን ማምጣት አለበት።

ያን ቀን በዝርዝር ልንገራችሁ። ጥቅምት ነው። ክረምቱ አልፎ ዛፉ ጠግቧል፣ ፀሐዩ ገና አልከረረም። ከማታው ጀምሮ ቃጫ ውሃ ውስጥ ነክሬ አሳድሬያለሁ፤ ጃፓኖች ራፊያ የሚባለውን ቅጠል ይጠቀማሉ፣ የእኛ ቃጫ ግን ምንም አያንሰውም። እናቶቻችን አክርማና ስንደዶ ሳይነክሩ ስፌት አይጀምሩም፤ ያው ነው። የግራውን ቅርንጫፍ ጀርባ፣ የደረቀውን ወገን ብቻ፣ በጠባብ መሮ እንደ ቦይ ቦረቦርሁት፤ ያ ሲሆን ቅርንጫፉ ሳይሰበር ይታጠፋል። ጅማቱን በጎን በኩል እንዲሆን አዙሬ፣ እርጥቡን ቃጫ አጥብቄ ጠመጠምሁ፤ እንደ ተሰበረ እግር ማሰሪያ።

በላዩ ላይ የመዳብ ሽቦ መጣ። መዳቡ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ ነው። መዳብ በእጅ ሲታጠፍ ይጠነክራል፣ በእሳት ሲግል ይለሰልሳል፤ ባለ እጆች ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ ፕላስቲኩን ልጬ፣ በጭድ እሳት አግዬ አቀዝቅዤው ነበር። ውፍረቱ ከቅርንጫፉ ውፍረት ሲሶ ያህል ይሁን፣ ሲጠመጠምም አጋድሞ፣ በእኩል ርቀት።

የእህቴ ልጅ ግንዱን ያዘልኝ። እኔ ቅርንጫፉን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ እያልሁ ወደ ታች መጫን ጀመርሁ። የመጀመሪያው ስንዝር ቀላል ነበር። ሁለተኛው ላይ ከእንጨቱ ውስጥ ቅጭ የሚል ድምፅ ወጣ። «አጎቴ፣ ጮኸ እኮ!» አለ ልጁ ደንግጦ። ቆምሁ። አልለቀቅሁም፣ አልጨመርሁም፤ ያዝ አድርጌ ትንፋሼን ቆጠርሁ። እንጨት አንድ ጊዜ ሲጮህ ቃጫው ይይዘዋል፤ ሁለተኛውን አልጠበቅሁም። በዚያው ልክ በማሰሪያ ሽቦ ከሳጥኑ ጋር ወጠርሁት፤ በሽቦው መሀል ሚስማር አስገብቼ ተውሁ። ከዚያ በኋላ በየሦስት ቀኑ ሚስማሩን አንድ ዙር ብቻ አጠነጥናለሁ። ስድስት ሳምንት ፈጀ። ገና ሲገባ አረንጓዴው ከግንዱ አጠገብ ደርሶ ነበር።

ከሐይቁ የሚነሳው የከሰዓት ነፋስ ሲመጣ ወደ ደጅ እየወጣሁ ማሰሪያውን ስፈትሽ የኖርሁበት በጋ ነው። ዛፉ ደነገጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያወጣው ቅጠል እንደ ችግኝ ቅጠል ሹል እሾህ ሆነ። ጥድ ልጅ ሳለ ቅጠሉ እንደ መርፌ ነው፣ ሲጎለምስ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይተኛል፤ ሲጎዳ ደግሞ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል። ይህን ያየ ሰው መቀስ ማንሳት የለበትም። አላነሳሁም። ሙሉ ሁለት ዓመት ከጠበቅሁ በኋላ ቅርፊት መሳዩ ቅጠል ተመለሰ።

ስለ ቀኙ ቅርንጫፍ ብዙ አሰብሁ። ጅማቱ ቀጭን ነው፣ ለራሱም አልበቃም። በመጨረሻ አረንጓዴውን ወስጄ ቅርንጫፉን ደረቅ አድርጌ ተውሁት። በመጋዝ አልቆረጥሁትም። ጫፉን ሰንጥቄ በፒንሳ ይዤ ወደ ታች ገነጠልሁት፤ እንጨቱ የራሱን ክር ተከትሎ ተቀደደ፣ ነፋስ እንደሰበረው ዓይነት። ጃፓኖች ይህን «ጂን» ይሉታል፤ በግንዱ ላይ የሚወርደውን የደረቀ መስመር ደግሞ «ሻሪ»። ቀጥሎ በጠንካራ ብሩሽ አጽድቼ፣ በደረቅ ወራት የኖራና የድኝ ውሕድ ቀባሁት። ሲቀባ ቢጫ ነው፣ ሽታውም ከባድ ነው፣ ከቤት ውጭ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይነጣል፣ እንጨቱንም ከብስባሴ ይጠብቃል። ከዚህ የምታዩት ነጭ ቅርንጫፍ እሱ ነው። ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ሳህኑ ባለፈው ዓመት መጣ። ምጣድና ጀበና የምትሠራ አንዲት ሸክላ ሠሪ ዘንድ ሄጄ ከንፈሩ ከፍ ያለ፣ ከታች አራት ቀዳዳ ያለው፣ እግር የቆመለት ምጣድ እንድትሠራልኝ ለመንኋት። «ምጣድ በስቼ ልስጥህ? ምን ሊጋገርበት ነው ጌታዬ?» አለችኝ። ነገሩን ነገርኋት። ዛፉን አይታው አታውቅም፤ ግን ስፋቱን ስነግራት በእጇ አየሩን ለካችና «ለዚህ ግንድ ይጠበዋል፤ ሁለት ጣት ልጨምርለት» አለች። ጨመረችለት። ትክክል ነበረች። በሰኔ መግቢያ፣ አየሩ እርጥበት ሲይዝ፣ ሥሩን ጥቂት ብቻ አሳጥሬ ተከልሁት፣ ወደ ግራም አዘነበልሁት። ያን ጊዜ ነው ዛፉ ፊቱን ያገኘው። ያን ሁሉ ዓመት ሳየው የኖርሁት ከጀርባው ነበር።

አንዳንዶቻችሁ ቤታችሁ ልትሞክሩ ታስባላችሁ፤ ጥቂት ነገር ቶሎ ቶሎ ልበል። ጥድ የሳሎን ጌጥ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ከገባ ይሞታል፤ ቦታው በረንዳና ደጅ፣ ፀሐይ ያለበት ነው። ውሃ የሚጠጣው ላዩ ሲደርቅ ነው፤ እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ውሃ ስለማናጣ አብዝተን እናፈሳለን። ቅጠሉን እንደ አጥር በመቀስ አትላጩት፣ ጫፉ ይቃጠላል፤ የበዛውን ከግርጌው መርጣችሁ አውጡ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ቅጠሉ አቧራ የቀመሰ ከመሰላችሁ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ዘርግታችሁ ቅርንጫፉን አራግፉት፤ በወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ቀይ ነጥቦች ካያችሁ የሸረሪት ዘመድ የሆኑ ተባዮች ናቸው፣ በብርቱ ውሃ አጠቡት። ሽቦው ቅርፊቱን መንከስ ሲጀምር ቆርጣችሁ አውጡት፤ ለመፍታት ብላችሁ አትጠምዝዙት።

አሁን ወደ መጣሁበት ዋና ጉዳይ ልድረስ። ይህን ዛፍ ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ከየት አገኘኸው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ያስፈራኛል። በጃፓን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዱር ጥድ አዳኞች ነበሩ። በገመድ እየተንጠለጠሉ ከኢቶይጋዋ ገደሎች ላይ ለዘመናት የኖሩ ጥዶችን እየነቀሉ ሸጡ። ወድቀው የሞቱም አሉ። ገደሎቹ ከአሮጌ ጥድ ከሞላ ጎደል ባዶ ቀሩ። እኛ የቀሩን ጥዶች ያሉት የት ነው? በአጸድ ውስጥ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናታቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነት መዝግበዋል። ጥድና ወይራ በእነዚያ ደኖች ውስጥ አሉ፤ ችግኛቸው ግን ከብት በሚገባበት አጸድ ለመቆም ይቸገራል። አጥር ያገኘ አጸድ ችግኝ ያሳድጋል። ከጥንትም ጥድን ያስተከለ ሰው በታሪካችን አለ፤ የመናገሻ ሱባ ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ንጉሥ ዘር ያስመጣለትን ዛፍ እኛ ለበረንዳ ብለን ከአጸድ አንነቅለውም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ከአጸድ፣ ከዘጌ ደን፣ ከጣና ደሴቶች፣ ከጉናም ከሌላም ተራራ አንድ ግንድ አትንቀሉ። ሰው አምጥቶ ቢሸጥላችሁ አትግዙ። ግቢ ሲፈርስ፣ አጥር ሲነሳ፣ መንገድ ሲሰፋ እዚያ ተገኙ፤ በየሳምንቱ ለማገዶ የሚሄድ ግንድ ታገኛላችሁ። ያ ካልሆነ ከችግኝ ጣቢያ አንድ የሐበሻ ጥድ ችግኝ ግዙ፤ ለጋ ሳለ በቀጭን ሽቦ ጠምዝዛችሁ ዐሥር ዓመት ጠብቁት። ሁለት ችግኝ ከገዛችሁ ደግሞ አንዱን አጥር ባለው አጸድ ትከሉልኝ።

አሁን ኑና ዛፉን እዩት። ነጩን ቅርንጫፍ መንካት ትችላላችሁ። በግራ ጎኑ ከሥሩ ተነስቶ እየዞረ የሚወጣውን ቡናማ መስመርም በመዳፋችሁ ዳስሱት። ቅጠሉን ብቻ አትንኩብኝ፤ በሽቦ የታሰረው ባለፈው ወር ነው።